ድልድዮቻችን በስም የሚታወቅ ተጠሪ ይመደብላቸው

በጅማ ከተማ የመንገድና የድልድይ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የአስተዳደር ኃላፊዎች በሙሉ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአዌቱ ወንዝ ላይ የተሠራውን የሰፈራችንን ድልድይ ለዓመታት ስመላለስበት የኖርኩ ነዋሪ ነኝ። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል ከጎረቤቶቼ ጋር ወርደን ከሥሩ አየነው። በአንደኛው ዳር የግንቡ መሠረት አፈር ተጠርጎ ስለሄደ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ገባ፤ በምሰሶው ላይ ደግሞ ጎርፍ ያመጣው ግንድ፣ ጆንያና ፌስታል ተጠላልፎ የውሃውን መንገድ አጥብቦታል። ከላይ ለሚያልፍ ሰው ግን ድልድዩ ደኅና ይመስላል።

ድልድይን ከሚጥሉ ነገሮች ዋነኛው ከሥር መሠረቱን የሚሸረሽረው ውሃ መሆኑን ባለሙያዎቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በቆሻሻ የታፈነ ውሃ በቀረችው ጠባብ ቦታ በኃይል እየሮጠ መሠረቱን ይቆፍራል፤ ከድልድይ አጠገብ አሸዋና ድንጋይ ሲወጣም ጉዳቱ ይብሳል። በእኛ አገር በዚህ ላይ የሚደረብ ነገር አለ፤ ክረምቱ ሸርሽሮት በወጣ ማግስት የቡና ለቀማው ስለሚደርስ፣ ድልድዩ እጅግ በተዳከመበት ወቅት ቡና የጫኑትን አይሱዙዎች ይሸከማል። ስለዚህ ምርመራው ከክረምቱ መውጣት በኋላ፣ የቡናው ጭነት ሳይበረታ መደረግ ይኖርበታል።

ያየነውን ለማስረዳት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፤ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ነው ተባልን፤ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛ መራን። ያነጋገሩን ሠራተኞች በትሕትና ነው ያስተናገዱን፣ ምናልባትም እያንዳንዳቸው ልክ ነበሩ፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ይቆጥራል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ፣ ኃላፊውም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ይህ ድልድይ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?

ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ ተጠሪ መሐንዲስ ተመድቦ ስሙ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ከሥሩ ታይቶ ውጤቱ ለነዋሪው እንዲገለጽ፣ የሚችለው ክብደትም በመግቢያው ላይ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

የእኛም ድርሻ አለ፤ አልክድም። ከድልድዩ አጥር ሁለት ብረቶች በሌሊት ተቆርጠው ሲወሰዱ ያየ ሰው አልተገኘም። በቦታቸው የባሕር ዛፍ አጣና በሽቦ አስረናል፤ ሲመሽ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የሚደገፉት እሱን ነው። ተራ ገብተን ለመጠበቅ ተስማምተናል፤ የተሰረቀ ብረት የሚገዛውን መቆጣጠር ግን የእናንተ ሥልጣን ነው።

የተቦረቦረውን መሠረት በድንጋይና በጋቢዮን (ድንጋይ በሚታጨቅበት የሽቦ ሳጥን) መሙላት የሚቀለው ውሃው ዝቅ ባለበት በዚህ በጋ ነውና ሥራው የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር እንዲከናወን በአክብሮት እንለምናለን። ባለሙያ ብትልኩ ቦታውን ለማሳየት በማንኛውም ቀን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የድልድዩ አካባቢ ነዋሪ፣ ጅማ