አይጥ በበላ ጸሐፊዋ አትመታ

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አይጥ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው ጎተራና የእህል መጋዘን ነው። እኔ ግን የምጽፍላችሁ አይጥ ባልታሰበ ቦታ ገብታ ጥፋቷን በሰው ላይ ስለምታስደፋበት ሁኔታ ነው።

ስሙን ባልጠቅሰው በሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሪንተሩ ወረቀት እየጎረሰ አልተፋም ባለ ጊዜ ጸሐፊዋ ተወቀሰች፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲሰጣትም ታዝዞ ነበር፣ ዳሩ ግን ደብዳቤውን የሚያትም ማሽን ታጣ። በኋላ ጠጋኙ ክዳኑን ሲከፍት፣ አንዲት አይጥ የቃለ ጉባኤ ቁርጥራጭ አንጥፋ ከነልጆቿ ተኝታ ተገኘች። ያንን ቃለ ጉባኤ እስከ መጨረሻው ገጽ የዘለቀችው ከሁላችን እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጸሐፊዋን ግን ይቅርታ የጠየቃት የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በስፔን ሴቪያ ከተማ የአንዳሉሲያ ምክር ቤት ድምፅ ሊሰጥ ተሰብስቦ ሳለ አንድ አይጠ መጎጥ አዳራሹ ውስጥ ብቅ ብሎ አፈ ጉባኤዋን አስጩኋል፣ እንደራሴዎቹንም ከመቀመጫቸው አስነስቷል። በ2013 ደግሞ በጃፓን የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ ያገለገለ ነዳጅ የሚቀመጥባቸው ኩሬዎች ማቀዝቀዣ ኃይል ተቋርጦበት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ከአንድ ቀን በላይ ወስዷል። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ በጊዜያዊው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አጠገብ ያገኙት የሞተ አይጥ ነበር። በዚያስ ቅድሚያ የተጠረጠረ ሠራተኛ ይኖር ይሆን?

የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ማደጋቸውን ስለማያቆሙ፣ ብትራብም ብትጠግብም ጠንካራ ነገር መቆርጠሟ አይቀርም፤ ሽቦና ፕላስቲክም ከዚህ አያመልጡም። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትሾልካለች። በዚህ ላይ ሙቀት ያለው ማሽንና በየመሳቢያው የተረሳ ዳቦ ቆሎ ሲጨመርላት ሌላ ቦታ የምትሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

በመሥሪያ ቤቱ ድመት ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ወጪው በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያዝ እየተመከረበት ነው። በብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአይጥ አዳኝነት ማዕረግ የሚኖረው ላሪ የተባለው ድመት እንኳ በእንቅልፉ ሳይታማ አልቀረም። ስለዚህ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዎች ከግዢው በፊት የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ገመድ በግድግዳ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በሲሚንቶ እንዲያስደፍኑ፣ ማሽን ሲበላሽም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማዘዛቸው አስቀድሞ ክዳኑን እንዲያስከፍቱ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ