ይድረስ ለወንድምዓለም፦ ከቼዝ መንደር

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? እማዬስ? የአባዬ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስልኩ አልገባ ስላለኝ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ይህን ጽፌ ላክሁልህ።

እናንተ ጋ ክረምት ነው፤ ጤፉ ተዘርቶ ይሆናል። እዚህ ጀርመን ግን በጋ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቤተሰቡን ይዤ ሃርዝ ወደሚባል ተራራማ አገር ለዕረፍት ወጣን። ባለቤቴ የፈለገችው ጫካና ንጹሕ አየር ነበር። እኔ ካርታው ላይ የቼዝ መንደሯን ሽትሮቤክን አጠገቡ ሳያት ሳልከራከር «እሺ» አልሁ። ወዲያው ነቃችብኝ። «ለዕረፍት ነው ወይስ ለቼዝ?» ሁለቱም ነዋ!

ሽትሮቤክ ሃልበርሽታት ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለች የገበሬ መንደር ናት። ከ1823 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ አንተ ቀንስ) ልጆቿ ትምህርት ቤት ውስጥ ቼዝ ይማራሉ። የጨዋታ ሰዓት እንዳይመስልህ፤ ትምህርት ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ሲያወሩ፣ በ1011 አንድ መኳንንት በመንደሩ ግንብ ታስሮ ገበሬዎቹ በየተራ ይጠብቁት ነበር ይላሉ። እሱም ስልችት ሲለው ሰሌዳ ሠርቶ ጠባቂዎቹን አስተማራቸው። አፈ ታሪክ ነው። እኔ ግን አምናለሁ፤ እስረኛና ዘበኛ ቀኑን ሙሉ ተፋጠው ሌላ ምን ይሠራሉ?

አንተን የሚያስቅህ ደግሞ ይኸውልህ። ድሮ የመንደሩን ልጅ ማግባት የፈለገ ሰው ከመንደሩ ሹም ጋር ቼዝ መጫወት ነበረበት። ከተሸነፈ ለመንደሩ ገንዘብ ይከፍላል። በኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ልከህ፣ ጭቃ ሹሙ ሰሌዳ ዘርግቶ ሲጠብቅህ አስበው! አንተማ እስከ ዛሬም ድረስ ላጤ በሆንህ ነበር።

አደባባያቸው መሬቱ ራሱ ሰሌዳ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ተነጥፎበታል። በበዓል ቀን ሰዎች የንጉሥና የወታደር ልብስ ለብሰው እዚያ ላይ ይጫወታሉ። ልጄ ነጩ ላይ ቆማ «እኔ ንግሥት ነኝ» ብላ አልንቀሳቀስ አለች። ትንሹ ፈረስ ሆኖ ሲዘል ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። የቼዝ ጉብኝቱ በፕላስተር ተጠናቀቀ።

ማታ ባረፍንበት ቤት አንድ ጡረተኛ ሰሌዳ ዘርግተው አገኘኋቸው። የበሏቸውን ወታደሮቼን ከቢራቸው አጠገብ በሰልፍ ይደረድራሉ። አንዱ ጠመም ካለ በጣታቸው ያቃኑታል። በዚያ ብቻ ሊያሳብዱኝ ነበር። ረቱኝ። ከዚያ በትሕትና «አገርህ ቼዝ ይታወቃል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የኛን ሰንጠረዥ፣ የድሮውን ያገራችንን ቼዝ፣ አነሣሁላቸው። ጥቁርና ነጭ የለውም፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ይሰመራል። በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን አይጋልብም፤ በማዕዘን አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚሄደው። አውሮፓውያንም እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዲያ ነበሩ፤ ኋላ ቀየሩት፣ እኛ ይዘን ቆየን። ንጉሡን በደር (በሰሌዳው ጥግ በሚቆመው) ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ ጨዋታ አዋቂ የሚባለው በመደቅ፣ በትንሹ ወታደር፣ የያዘ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ይህን ሁሉ ሰውየው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። መነሻው ላይ ወረራ አለ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይገፋሉ ስላቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ተራ የለም?» የለም! ለጀርመን ሰው ተራ የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ኑረህ ካላየኸው አይገባህም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እነዚህ ሰዎች ከሩቅ የመጣ ጨዋታ ይዘው ለልጅ ልጅ አስተላለፉ። እኛ ጋ ግን የራሳችንን ሰንጠረዥ ሲጫወት ያየሁት አንድ ሰው የለም። ስለ እሱ ያነበብሁት እንኳ እዚህ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ከጻፉት ነው። እኔና አንተ ማርቆስ ሆነን በቆርኪ ዳማ ስንፋለም ማንም አልነገረን።

ስለዚህ አደራ። አባዬን ቡና ላይ ጠይቅልኝ። ሰንጠረዥ የመኳንንት ቤት ጨዋታ ስለነበር፣ ከአያቶቻችን ወገን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ ደርሶ ያወራ ሰው ይኖር እንደሆን። ቢቸና ያሉት አጎታችንም የድሮ ነገር አይጠፋቸውም። ሲጫወት ያዩ ከሆነ እያንዳንዱን ጠጠር ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ከወረራው በኋላ ማን ቀድሞ እንደሚገፋ፣ ተመልካቹ ይናገር እንደሆነ አንድ በአንድ ጻፍልኝ። በስልክ አይሆንም፣ ትረሳዋለህ።

ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቼዝ ልኬያለሁ፤ ለልጆችህ ነው። ስታስተምራቸው ግን እኔን እንዳስተማርኸኝ በኩርኩም አይሁን። ለእማዬ ነጠላ፣ ለአባዬ የጉልበት ቅባት አብሮ አለ።

ታናሽ ወንድምህ