ማዕተቤን አልበጠስሁም

ሪያድ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አምላከ ቅዱሳን ይክበር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልቤ ስላላረፈ ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። እህቴ በስልክ የላከችልኝን ድምፅሽን ሰማሁ። «ልጄ፣ ማዕተቧን በጠሰች ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብለሽ ዝም አልሽ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የዶሮዎቹ ድምፅ ብቻ ነው። ደጋግሜ አዳመጥሁት። ማን እንደ ነገረሽ አልጠይቅም፤ ብቻ እውነቱን ከእኔ ከራሴ ስሚ። ማዕተቤን አልበጠስሁም። ክሩ ሳስቶ ነበርና በአዲስ ቀየርሁት እንጂ መስቀሉ ያው አንቺ ያሰርሽልኝ ነው፤ ከልብሴ ሥር አለ። እዚህ አገር መስቀል አውጥቶ መሄድ አይቻልም፤ ቤተ ክርስቲያንም የለም። በላክሁላችሁ ፎቶ ላይ መስቀሉን ያላያችሁት ለዚህ ነው፤ ፎቶውን አይተው ለፈረዱብኝም ይህንኑ ንገሪልኝ።

ድምፄን ያጠፋሁትም የአሠሪዬ የማዳም እናት ታመው ሆስፒታል ስለ ነበርን ነው። የምንከባከበው እርሳቸውን ነው። ሥራው አይከብድም፣ ምግቡም ጥሩ ነው። እግሬ ማታ ማታ ትንሽ ያብጣል፤ መቆም ስለሚበዛበት ነው፣ ለዚህ አትጨነቂ።

ቤተ ክርስቲያን በሌለበት እንዴት ይጸለያል ትይ ይሆናል። እኔንም ስመጣ የጨነቀኝ ይኸው ነበር። እኛ ቤት ጸሎት ማለት ደወሉ ነው፣ ዕጣኑ ነው፣ አንቺ ነጠላሽን መስቀልያ አጣፍተሽ ስትወጪ ተከትዬሽ መውጣት ነው። ሰው ሁሉ ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሰግድ እሰግዳለሁ። እዚህ የሚያስከትለኝ አጣሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ አዛን ሲሰማ አሮጊቷ ይነሣሉ። ለውዱእ፣ ከስግደታቸው በፊት ለሚታጠቡት፣ ለብ ያለ ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዤ መጀመሪያ እጃቸው ላይ፣ በመጨረሻም እግራቸው ላይ አፈስስላቸዋለሁ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስገድ ሲጀምሩ እኔ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለው ማጠቢያ ማሽኑ ነው፤ እርሱ ፊት ቆሜ አማትባለሁ። የሪያድና የአገራችን ሰዓት አንድ ነው እኮ እናቴ። አንቺ ለኪዳን ጸሎት ስትነሺ እኔም ቆሜያለሁ፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ጉልበት አገኛለሁ።

ድምፄን ከፍ ማድረግ ግን አልችልም። መጀመሪያ በከንፈር ብቻ መጸለይ ጸሎት አልመስል ብሎኝ ነበር። ኋላ የሳሙኤልን እናት ሐናን አስታወስሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እግዚአብሔር ግን ሰማት። ጌታችንም «ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ያለው ለእኔ ዓይነቷ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። አባዬ ያረፈ ጊዜ መርዶውን ዘግይታችሁ ነገራችሁኝ። ለእኔ አስባችሁ ነውና አልቀየምሁም። ያን ዕለት ግን ልብስ እየተኮስሁ ነበር፣ ማልቀሻ ቦታ አልነበረኝም። ሌሊት አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ፤ «ፈቃድህ ይሁን» ላይ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። እንደገና ጀመርሁ፣ እዚያው ላይ ቆመ። በቃል የማውቀውን ሁሉ ተውሁትና በራሴ ንግግር «ለምን አላቆየህልኝም? አፈር እንኳ ሳላለብሰው!» አልሁት። ለፈጣሪ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ በኋላ ፈራሁ። ነገር ግን ዳዊትስ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሎ የለም? ከዚያ ሌሊት ወዲህ የደረሰብኝን ሁሉ እነግረዋለሁ። የተቆጡኝን፣ የቀናሁበትን፣ የሳቅሁበትንም። ነግሬው ስጨርስ ዝም ብዬ እቆያለሁ። «ፈቃድህ ይሁን» ለማለት ብዙ ሌሊት ፈጅቶብኛል። አሁን እላታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን አሁንም ይተናነቀኛል።

አባዬ በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ዐሥሩን መዝሙር ሳይደግም ከቤት አይወጣም ነበር። እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም። አንድ መዝሙር፣ አንዳንዴም አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ቀኑን ሙሉ ከእርሷ ጋር እውላለሁ። ሰሞኑን የያዝሁት መዝሙር 120ን ነው፤ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን። እዚህ በመስኮት የሚታየኝ ግንብና አቧራ ነው፤ ያን ስል ግን የወሎ ተራሮች፣ ግሸንም ጭምር ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ፣ እንባዬም ይመጣል። ከዚያ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» ይላል። አሮጊቷ ሲያማቸው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ትንፋሻቸውን እያዳመጥሁ አድራለሁ። እንዲያ ነቅቼ ሳለሁ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እኔንም የሚጠብቅ አለኝ፣ አንቺንም እኔ በሌለሁበት የሚጠብቅ አለሽ። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እንደዚያ ሌሊት ግን ሰምቼው አላውቅም። ለአሮጊቷም በስማቸው እጸልያለሁ፤ ይህን ሰምተሽ ቅር አይበልሽ፣ አንቺም ለእስላም ጎረቤቶቻችን ስትጸልዪ ነው ያደግሁት።

እንግዲህ አሁን እኔ ልቆጣ። የግፊት መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እየዋጥሽ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ትጾሚያለሽ አሉኝ። ንስሐ አባታችን «ሕመምተኛ ነሽ፣ ቅመሺ» ብለው ፈቅደውልሽ የለም? መታዘዝም ጾም ነው፣ እናቴ። ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ፣ ኪርያላይሶንሽን በመቁጠሪያሽ ቁጠሪ፣ መድኃኒትሽን ግን በልተሽ ውሰጂ። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ካልሄድሁ ብለሽ ያን ዳገት በእግርሽ እንዳትወጪ። እኔ ስመጣ ደግፌሽ እንወጣለን። መቼ እንደምመጣ አትጠይቂኝ፤ ስትጠይቂኝ የምመልሰው አጣለሁ።

የእህቴ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ በተክሊል መሆኑን ስሰማ በልቤ እልል አልሁ። ሥጋ ወደሙን አብረው መቀበላቸው ከድንኳኑም ከመኪናው ሰልፍም ይበልጥብኛል። ፀጉሯን የምሠራት፣ ጎኗ የምቆመው እኔ ነበርሁ። ኮንትራቴ አላለቀም፣ ምን ላድርግ! የላክሁት 60 ሺህ ብር በባንክ ገብቷል። መጀመሪያ የመድኃኒትሽ ይነሣለት፣ የቀረው ለቀሚሷና ለድግሱ ይሁን። አንድ አደራ አለኝ፤ ባልና ሚስቱ ማታ ማታ አብረው ይጸልዩ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ከእግዚአብሔር ጋር የሚቀመጡባት ጥቂት ደቂቃ ትኑራቸው። ባል የሚስቱን ጸሎት አይጸልይላትም። የሆዷን ሁሉ ለእርሱም ለእኛም መንገር የማትችልበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ወዴት እንደምትሄድ ከአሁኑ ትወቅ።

ለንስሐ አባታችን ጉልበት ሳሚልኝ። በቅዳሴ ወለተ ማርያም ብለው በክርስትና ስሜ ያስቡኝ። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲያነብልሽ የመድኃኒቱን ነገር ዘልሎ እንዳያልፈው፤ ዓርብ ስደውል እጠይቀዋለሁ።

ልጅሽ