ዳሽቦርዱ «ዘይት ቀይር» የሚለው ምን አይቶ ነው?

ኮምቦልቻ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ዘይት በቀየርን ቁጥር በመስታወቱ ጥግ የምንለጥፋት ትንሽ ወረቀት «ቀጣዩ ቅያሪ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ» ትላለች። አዳዲስ መኪና የያዛችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ «የዘይት ዕድሜ 48 በመቶ» የሚል ቁጥር እያሳያችሁን «ወረቀታችሁና መኪናው አልተስማሙም፤ የቱን እንመን?» ትሉናላችሁ። ዘይት ቶሎ ቶሎ ሲቀየር የሚጠቀመው ጋራዡ ስለሆነ በጥርጣሬያችሁ አንቀየምም። ነገሩ ቆመን በችኮላ የምንጨርሰው ስላልሆነ በጽሑፍ ማድረሱን መርጠናል።

ብዙ ሰው በሞተሩ የዘይት ቋት ውስጥ የዘይቱን ጥራት የሚመረምር መሣሪያ የተቀመጠ ይመስለዋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቁጥሩ የሚወጣው በስሌት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ለሌላ ሥራው ሲል ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ዘወትር ይከታተላል፤ የዘይቱንም ዕድሜ ከእነዚሁ መረጃዎች ይገምታል። ወጡን ሳይቀምስ በእሳቱ ብርታትና ምድጃ ላይ በቆየበት ሰዓት «በስሏል» ብሎ እንደሚፈርድ ወጥ ሠሪ ነው። ልምድ ያለው ወጥ ሠሪ ብዙ ጊዜ አይስትም፤ ቢሆንም አልቀመሰም።

ይህን መንገድ ቀድሞ ከጀመሩት አንዱ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። በኩባንያው የምርምር ክፍል ይሠሩ የነበሩት ኬሚስቷ ሺርሊ ሽዋርትዝና ባልደረባቸው ዶናልድ ስሞለንስኪ መኪኖች በተለያየ ሁኔታ ሲነዱ ዘይታቸው ምን እንደሚሆን በናሙና ምርመራ አጠኑ። ዘይት መድከሙን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሞተሩ ዙርና የዘይቱ ሙቀት አንድ ላይ ሆነው በተሻለ እንደሚናገሩ አዩ። ስሌቱም እ.ኤ.አ. በ1988 ኩባንያው ይሠራቸው በነበሩ ኦልድስሞቢል በተባሉ መኪኖች ላይ ገባ። አዲስ ዘይት ሲገባ ኮምፒውተሩ የተወሰነ የዙር መጠን ይመድባል፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ዘይቱ በመካከለኛ ሙቀት ላይ ሳለ አንዱ ዙር እንደ አንድ ይቆጠራል። ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ገና ቀዝቃዛ ሳለ ግን አንዱ ዙር የብዙ ያህል ይታሰባል። ዳሽቦርዱ የሚያሳያችሁ መቶኛ ከተመደበው የቀረውን ነው።

ሙቀት ዘይትን እንደሚጎዳ ለማንም ግልጽ ነው። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የምትወርዱ ደንበኞቻችን የአፋርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ዘይት በጣም ሲግል ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ሂደት በእጥፍ ይፈጥናል ይባላል። ደንበኞቻችንን የሚያስገርመው የቅዝቃዜው ነገር ነው። «መኪናዬ ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ ነው የምትሄደው፣ ምን ደክማ ነው ዘይት የምትቀይረው?» የሚሉን ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ሞተር አስነሥታችሁ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችሁ፣ ከዚያ ፒያሳ ወጥታችሁ መኪናውን አቆማችሁ እንበል። የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ ስለደረሰ ሞተሩ የሞቀ ይመስላችኋል። መለኪያው የሚያሳየው ግን የራዲያተሩን ውኃ ነው፤ ዘይቱ ከውኃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ሞተር ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል፤ ከዚያ ውስጥ ያልተቃጠለው ጥቂት በፒስተኑ ቀለበቶች አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ውኃም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ትንሹ ግን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባና ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ረጅም ጉዞ ቢሆን ዘይቱ በደንብ ሞቆ ውኃውንም ነዳጁንም ያተንናቸው ነበር። የአሥር ደቂቃ ጉዞ ይህን ዕድል አይሰጥም። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልን የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተን ስንገለብጠው ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ዝልግልግ አረፋ ተለጥፎ እናገኛለን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ገና 2,000 እንኳ አልጨመረም። በደንብ የሚያሰላ መኪና ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ነው ትንሽ የሚነዳ ሰው መቶኛው ቶሎ ቶሎ ሲወርድበት የሚደነግጠው። በአንጻሩ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው መቶኛው ቀስ ብሎ ነው የሚወርድለት። መኪናው አልተበላሸም።

ሌላው ከእኛ አገር መንገድ ጋር የሚገናኝ ጉዳይ የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጋችሁ የምትወርዱ (እንዲህ ለምታደርጉ ምስጋናችን የላቀ ነው) ሞተራችሁ እየጮኸ በብዙ ዙር ይሽከረከራል፤ ነዳጅ ግን አይበላም ማለት ይቻላል። ዙር የሚቆጥረው ስሌት ይህን እንደ ሥራ ይቆጥርባችኋል። የተቃጠለውን ነዳጅ መሠረት የሚያደርገው፣ ለምሳሌ በብዙ የቢኤምደብሊው ሞዴሎች ላይ የነበረው፣ ቁልቁለቱን ከምንም አይቆጥረውም፤ ሽቅቡን ግን በደንብ ይመዘግበዋል። በአንዳንድ የመርሴዲስ ሞተሮች ውስጥ ደግሞ በእርግጥም ዘይት ውስጥ የተነከረ ሴንሰር አለ። ስለዚህ የጎረቤታችሁ መኪና ከእናንተ ዘግይቶ «ቀይር» ማለቱ የዘይቱን መሻል አያሳይም።

አብዛኞቻችሁ የምትነዱት ቶዮታ ስለሆነ ይህን ሳንናገር አናልፍም። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ የሚበራው የጥገና መብራት ከላይ ያልነውን ሁሉ አያሰላም፤ የሄዳችሁትን ርቀት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከአሜሪካ በመጡት ላይ 5,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። ኑሯችሁ አቧራም ይሁን አስፋልት ለእሱ አንድ ነው። መቶኛ የማታዩባቸው መኪኖች ላይ ወረቀታችን እንዳለች ትቀጥላለች።

መቶኛ የሚያሳዩትም ቢሆኑ የማያውቁት ነገር አለ። በመጀመሪያ ደረጃ በብዙዎቹ ላይ ስሌቱ ዘይቱ ስንት ሊትር እንደቀረ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን የገባች አንዲት መኪና ዳሽቦርዷ 62 በመቶ ይል ነበር። ሾፌሩ በኩራት አሳየን። ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣን፣ በጨርቅ ጠርገን መልሰን ከተትን፣ ደግመን አወጣን። ጫፉ ብቻ ረጥቧል፤ የታችኛው ምልክት ላይ እንኳ አልደረሰም። ሞተሩ ዘይት ይበላ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የዞረውን ዙር ነው። የዘይቱ ቀይ መብራት ቢሆን የሚበራው ግፊቱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ለብሮንዚኖቹ (በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ ለሚይዙት ልባሶች) ረፍዷል። እባካችሁ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ዘንጉን እዩ።

ኮምፒውተሩ የገባውን ዘይት ዓይነትም አያይም። ስሌቱ የተሠራው አምራቹ በመመሪያው ባዘዘው ደረጃ ዘይት ስለሆነ ርካሽ ዘይት ከትታችሁ መቶኛውን ማመን ራስን ማታለል ነው። አቧራም አይታየውም። በተቀደደ የአየር ማጣሪያ የጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ዘይቱ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ይገባል፤ አሸዋ የዙር ቁጥርን አይለውጥም።

በጋራዥ በኩል ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ግን ቆጣሪውን ወደ መቶ መመለስ ነው። መኪናው ዘይት መቀየሩን በራሱ አያውቅም፤ ሰው ነው የሚነግረው። ዘይት ተቀይሮ ቆጣሪው ካልተመለሰ በአዲስ ዘይት ላይ የአሮጌውን ቆጠራ ይቀጥላል። ዘይት ሳይቀየር ከተመለሰ ደግሞ የከፋ ነው፤ የደከመ ዘይት ይዞ «መቶ በመቶ» እያለ ያረጋጋችኋል። የሚያስቸግር ብርቱካናማ መብራት ለማጥፋት ብቻ ቁልፉን ተጭኖ የሚመልስ ሰው አለ። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ በመጀመሪያው ቀን የምታዩትን ቁጥር ከቁም ነገር አትቁጠሩት። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይራችሁ ቆጠራውን እንደ አዲስ ከመቶ ጀምሩ።

እንግዲህ ከዚህ ወር ጀምሮ በጋራዣችን የሚሠራው እንዲህ ነው። መቶኛ የሚያሳይ መኪና ሲገባ ቁጥሩን ከኪሎ ሜትሩ ጋር እንመዘግባለን። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ፣ የዘይቱ መጠን ደህና ከሆነ፣ ከተቀየረም ዓመት ካልሞላው «ቆዩ፣ ገና ነው» እንላለን። ሆንዳን የመሳሰሉ አምራቾች ማስታወሻ የሚጀምሩት 15 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ነው ይህን ቁጥር የመረጥነው። ዓመት ከሞላ ግን መቶኛው 60 ቢሆንም ይቀየራል፤ አምራቾቹም በመመሪያቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። በተለይ በድንጋያማና አቧራማ መንገድ የምትሠሩ፣ ጭነት የምታበዙ፣ ወደ ሚሌ የምትመላለሱ ደንበኞች ከመቶኛው ቀደም ብላችሁ እንድትመጡ እንመክራለን። ቆጣሪውን የምንመልሰው እናንተ እያያችሁ ነው፤ ካልተጠራችሁ ጥሩን።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደንበኞች ይህን ደብዳቤ ለምን እንደደረሳችሁ ትገረሙ ይሆናል። የሞተር ዘይት ስለሌላችሁ አይመለከታችሁም፤ የማርሽ ሳጥኑ ግን ዘይት አለው፣ መመሪያውን እዩ።

የመመሪያ መጽሐፉ በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ ሆኖባችሁ የታዘዘውን የዘይት ዓይነት ያላወቃችሁ፣ መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ፤ የዘይቱ ደረጃ በቁጥርና በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አብረን እናገኘዋለን። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛ በሌላ ቀን ብትመጡ ተረጋግተን እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች