እንቁራሪቷን የያዝኳት እኔ ነበርኩ

ክቡር ኃላፊ፣

በኮሌጆች ተማሪ በእንስሳ ላይ የሚሠራው ሙከራ በኮምፒውተር እንዲተካ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ደብዳቤ አስገባሁ። ሁለቱ መዝገብ ቤት ቀሩ። በሦስተኛው ራሴ መጣሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ተባልኩና ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመለስኩ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

እዚሁ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። ባለፈው ኅዳር የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) ተግባር ትምህርት ነበር። ለ38 ተማሪ 2 እንቁራሪት። አሠራሩን ያውቁታል። መርፌ ከራስ ቅሏ ሥር ይገባና አንጎሏና ህብለ ሰረሰሯ እንዲጠፋ ይደረጋል። ከዚያ የእግሯ ነርቭና ጡንቻ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ይነካል። እጁ የለመደ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ያን ቀን መርፌውን የያዘው ግን ከዚያ በፊት አይቶት እንኳ የማያውቅ ልጅ ነበር። አራት ጊዜ ሳተ። በእግሮቿ መዳፌን ትገፋኝ ነበር። ልጁ እየተንቀጠቀጠ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። «በቃ ተወው» አልኩት።

ከኋላ የቆሙት ምንም አላዩም። ጡንቻው ተበላሽቶ ስለነበር መምህሩ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ታዲያ እንቁራሪቷ ለምን ሞተች?

ከዚያ ክፍል ማዶ 20 ኮምፒውተር ተቆልፎበታል። ያው ነርቭና ጡንቻ ስክሪን ላይ ይቀርባል። ተማሪው ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ንዝረቱን ሲያፈጥነው፣ ነጠላ ነጠላ የነበረው መኮማተር ተያይዞ አንድ ሲሆን በዓይኑ ያያል። ከተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። 38ቱም ይሠሩታል። በስክሪን እጅ አይፈታም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ግን መርፌ መውጋት የሚለመደው በአሻንጉሊት ክንድ ነው፣ በእንቁራሪት አይደለም።

የእንስሳ ሙከራን መርህ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ራስልና በርች «ተኩ፣ ቀንሱ፣ ስቃዩን አቅልሉ» ያሉት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የህንድ የሕክምና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ዲግሪ የሕክምና ተማሪዎች የእንስሳ ሙከራን በኮምፒውተር እንዲተኩ አዘዘ። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በሕይወት ባለ እንስሳ ተማሪ ማስተማሩን አቆመ። እኛ ጋ ምን ይጠበቃል?

ለኮሌጆቹ አንድ ሰርኩላር ይበቃል፦ በኮምፒውተር ሊታይ የሚችል የተማሪ ሙከራ በእንስሳ አይሠራ።

ለመጪው ሴሚስተር እንቁራሪት እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። አላዘጋጅም። ለኮሌጁም ዛሬ ጠዋት በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።