ሰብለ ወንጌልን ማን ትጫወት ከማለታችን በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሙሉ ፊልም ሆኖ ለማየት የሚጓጓ ሰው እዚህ ደብረ ብርሃንም ሞልቷል። ወሬው በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የታሪኩን ባለ ፍቅር ሰብለ ወንጌልን ማን ትጫወት የሚል ነው። እኛን የሚያሰጋን ግን የነገረኛው ገጸ ባሕርይ የጉዱ ካሳ አፍ፣ ረጅሙ ንግግሩ ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስንቱ ሰው ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲነሱ የሚያስቀን የተራኪው ሽሙጥ ነው። ፊልም ላይ ተራኪ የለም። ከጀርባ ድምፅ ማስነበብ ቀላሉ መውጫ ይመስላል፤ ዓይን ያየውን ጆሮ ሲደግመው ግን ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ሽሙጡ ወደ ሥዕል ይዙር፦ ፊታውራሪው ዘራቸውን ሲቆጥሩ ካሜራው ከኋላቸው ቆሞ ሳቁን በነጠላው ጫፍ የሚያፍነውን አሽከር ይያዝ።

ስክሪፕት አንድ ገጹ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ለሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ማለት ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ከ500 ገጽ በላይ። የፍቅረኛዋ የበዛብህ የማንኩሳ ልጅነት ከ10 ደቂቃ ካለፈ ለዲማው ፍቅር ጊዜ አይተርፍም። የጉዱ ካሳ ንግግርም ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ በመሀሉ የሚሰሙት ሰዎች ፊት ይግባ። ተዋናዩም ለቴአትር ቤት የመጨረሻ ወንበር እንደሚያሰማ ሰው አይጩኽ፤ ደረት ላይ የተሰካ ማይክ ሹክሹክታ ይሰማል። (የአገራችንን ፊልሞች ግማሹን ያበላሸው ይኸው ጩኸት ነው ብንል አላጋነንንም።)

ቦታው ሌላ ጣጣ ነው። ታሪኩ የጎጃም ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ተብሎ ቀረጻው ወደኛ ደጋ ከመጣ፣ የመንዝ የድንጋይ ቤት ለዲማ አይሆንም፤ የመንዝን የበግ ጸጉር ባና የደረበ ባላገርም ወዲያው ያሳብቃል። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ ዛሬ ኮረብታውን ሁሉ የሸፈነው ረድፍ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ ቦታ አስቀድሞ መዞር ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያና የመብራት ምሰሶማ ማንም ያየዋል።

ወቅቱም አይጠብቅም። መስከረም ላይ የተጀመረ የመስክ ትዕይንት ኅዳር ላይ አይቀጠልም፤ አደዩ ረግፏል፣ ገብሱ ገርጥቷል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫው ተራው እስኪደርስ ከካፖርት ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ። ማለዳ ከተዋናይ አፍ እንፋሎት ይወጣል፤ ያው ትዕይንት ረፋድ ላይ ተቀርጾ ከተቀጠለ እንፋሎቱ በመሀል ይጠፋል። ማይኩ ያለ ጸጉራም ልባሱ ደጅ ከወጣ የደጋ ነፋስ ንግግሩን ይውጠዋል።

በቀትር ፀሐይ ጥምጥም ያደረገ ካህን ዓይኑ በጥላ ይሸፈናል። ስለዚህ የደጁ ትዕይንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለቤት ውስጡ ይሁን።

የንባብ ወዳጆች
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ