ክፍት ፊልትሮ ከመግዛት የተጣለውን ቱቦ መመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቪትዝና ከያሪስ ኮፈኖ ስር ኦሪጅናሉን የአየር ፊልትሮ ሳጥን አውጥቶ በምትኩ ክፍት ሾጣጣ ፊልትሮ ማሰር እየተለመደ ነው። ሻጩ «ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል» ይላል። ድምፁ ስለሚጎላ ባለመኪናውም ያምናል። የሚጨምረው ግን ድምፁ ብቻ ነው፤ ክፍት ፊልትሮ የሚስበው ከኮፈኑ ስር የሞቀውን አየር ስለሆነ ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ሞተር የሚጠቅመው የገባለት አየር ክብደት ነው፤ አየር ደግሞ ሲሞቅ ይሳሳል። 25 ዲግሪ የነበረው አየር 55 ሲደርስ በዚያው ቦታ የሚይዘው ኦክስጅን 9 ከመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድና በቫልቭ ሲያልፍ ለማንኛውም ስለሚሞቅ፣ ጎማ ላይ የሚታየው የጉልበት ኪሳራ ወደ 5 ከመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ 54 አካባቢ ቢሰጥ ነው። ከዚያ ላይ ሌላ ሁለት ሦስት ፈረስ ማጣት፣ አራት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ መኪና በደንብ ይሰማል።

ፋብሪካው ይህን አስቦበታል። ከፊልትሮው ሳጥን ወጥቶ በራዲያተሩ አናት በኩል ወደ ፊት የሚዘልቅ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ሥራው ከውጭ ቀዝቃዛ አየር መሳብ ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭ መጀመሪያ ከሚሰበሩት አንዱ እሱ ነው። ቦዲ ሠሪው ባምፐሩንና መብራቱን ይመልሳል፣ ቱቦውን «ያለሱም ይሄዳል» ብሎ ይጥለዋል። በእኔ ግምት በከተማችን ካሉት አሮጌ ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ ክፍት ፊልትሮ ባያስሩም የሞተር ክፍሉን ትኩስ አየር የሚስቡት በዚህ የተነሳ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከመሪው ስር ባለው የምርመራ ሶኬት የሚሰካ የብሉቱዝ መሣሪያ፣ ኢኤልኤም 327 የሚባለው፣ ከስልክ ጋር ተያይዞ የሚገባውን አየር ሙቀት ያሳያል። ሜዳ መንገድ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ደቂቃ ንዱና ቁጥሩን ከውጭው ሙቀት ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከሆነ ምንም አትንኩ። ከ20 በላይ ከሆነ ቱቦው የለም፣ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ከሳጥኑ ወልቋል። ትራፊክ ላይ ቆመው የሚያዩት ትልቅ ቁጥር አያስደንግጥ፤ ሲሄዱ ካልወረደ ነው ችግሩ።

ቱቦውን ከሶማሌ ተራ አሮጌውን ፈልጎ መግጠም ይሻላል። ካልተገኘ የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ለ1.3 ሊትር ሞተር ይበቃል፤ 40 ከሆነ ያንቀዋል። የውሃ ፒቪሲ የሚጠቀሙ አሉ፤ ከ80 ዲግሪ በታች ስለሚለሰልስ ኤግዞስት አጠገብ አያልፍም። አፉን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ባምፐር ውስጥ መቅበር አደጋ አለው። ክረምት ላይ በጎርፍ ሲያልፉ ውሃ ይስባል፣ ውሃ አይታመቅም፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል። አፉ ከራዲያተሩ አናት አይውረድ።

ሁለተኛው የሚጣለው ነገር ከሞተሩ ጭስ የሚቀበለው የኤግዞስት ማኒፎልድ ሙቀት መከላከያ ላሜራ ነው። ብሎኑ ዝጎ ሲንኳኳ ነቅለው ያስቀምጡታል፣ በዚያው ይቀራል። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ከማኒፎልዱ ግን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ሙቀቱን የሚያግደው በመካከል ያለው አየር ስለሆነ የተጣበቀ ላሜራ ዋጋ የለውም። ማኒፎልዱን በጨርቅ መጠቅለል አልመክርም፤ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል፣ ዘይት ከተንጠባጠበበትም እሳት ያስነሳል።

በ1.5 ሊትሩ ያሪስ ሞተር ላይ የአየር መለኪያው ሴንሰር ከሳጥኑ መውጫ ላይ ነው የተተከለው፤ ንባቡም በዚያ ቱቦ ስፋት የተቀመረ ነው። ሳጥኑ ወጥቶ ሌላ ስፋት ያለው ቱቦ ሲገባ የነዳጁ ልክ ይዛባል። ዘይት የተቀባው የጥጥ ፊልትሮ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ የሴንሰሩን ሽቦ ይለብሳል። ኮምፒውተሩ አየሩ ቀዝቃዛ ይምሰለው ተብሎ የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ላይ ሬዚስተር የሚቀጥሉም አሉ፤ አየሩ እንደሞቀ ነው፣ የተታለለው ኮምፒውተሩ ብቻ።

የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ማውጣትም ከዚሁ ጋር ይነሳል። የሚገባውን አየር አያቀዘቅዝም፤ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይደርስ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል። በድሮ ቶዮታዎች ትሮትል (የአየር በሩ) ላይ የሚያልፈውን የውሃ ጎማ መዝጋትም እንዲሁ፤ ውሃው ሲሞቅ የሚዘጋው የአየር ቫልቭ ክፍት ይቀርና ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ትርፉም አይታይም።

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጡ ደግሞ ይህን ያስቡ፦ ጭነት ከባድ፣ ፍጥነት ዝቅተኛ፣ ንፋስ የለም፤ ለአየር መግቢያ ከዚህ የከፋ መንገድ የለም። ኤሲ ይዘጋ፤ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ ነው አየሩን የሚያሞቀው። የሞተር ስር ሽፋኑና የራዲያተሩ ጎንና ጎን ስፖንጅ ከጎደሉ ራዲያተሩ የተፋው ትኩስ አየር ዞሮ ቱቦው አፍ ላይ ይመጣልና ከጉዞው በፊት ይሟሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመኪና መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ